ወንፈል በኦንላይን

ራሱን በጽሑፍ አብጠልጥሎ፣ ቀጥሎ ደግሞ በገበያተኛ ፊት በቃሉ አብጠልጥሎ፣ በመጨረሻም ተጨብጭቦለት ወደ ቤቱ የገባ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ እንተዋወቅ፤ እኔ ነኝ። ንፋስ መውጫ ላይ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የምድር ወገብ የት እንዳለ ለማንም አሳያለሁ፤ መነጽሬ የት እንዳለ ግን የምታሳየኝ ባለቤቴ ናት።

ነገሩ በትምህርት ፍቅር ተጀመረ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። የተጀመረው ግን በጎረቤቴ በአዲሱ ሆድ ነው።

አዲሱ እኛው ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። ሚስቱ ትርንጎ ደግሞ ስማዳ፣ ወገዳ ላይ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ ትንሿ ልጃቸውም እሷው ጋ ናት። ከተጋቡ ጀምሮ ዝውውር ይጠይቃሉ፤ ከተጋቡ ጀምሮ "ለከርሞ" ይባላሉ። በየሳምንቱ እየተመላለሱ እንዳይገናኙ የወገዳ መንገድ የሚያመላልስ አይደለም፤ ትኬት የሚቆረጠው ለወንበር ነው እንጂ ሰውየው የመንገዱን ግማሽ ያህል የሚጨርሰው በአየር ላይ ነው። ስለዚህ አዲሱ ባለትዳር ሆኖ እንደ ወንደላጤ ይኖራል። እራት ሲደርስ በራችንን ቆርቆር ያደርጋል። "አልቀመጥም፤ እንዴት ዋላችሁ ልበል ብዬ ነው" ይላል እየተቀመጠ።

የሚበላው አልከበደኝም። የከበደኝ ምስጋናው ነው። ለሽሮው ይመርቃል፣ ለድንች ወጡ ይመርቃል፣ ለቃሪያው ሳይቀር "እጅሽ አይንጠፍ" ይላል። እኔ ደግሞ በትዳር ዘመኔ ሁሉ አቀርቅሬ በልቼ እጄን የምታጠብ ሰው ነኝ። ባለቤቴ "ከአዲሱ አትማርም?" ማለት ከጀመረች በኋላ የትርንጎን ዝውውር ከራሷ ከትርንጎ በላይ የምመኝ ሆንኩ።

አንድ ቀን አዲሱ እየሮጠ መጣ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ የተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል ኃላፊነት ቦታ ክፍት ሆኗል። አንድ ኮሌጅ በኦንላይን የሚሰጠውን የመምህራን ኮርስ ጨርሶ ሰርተፍኬት ላመጣ ሰው፣ ከሌላ ወረዳም ቢሆን፣ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ትርንጎ ልትመዘገብ ነው። ችግሩ ኮርሱ ለብቻ አይወሰድም፤ ሦስት ሰው ግሩፕ ሆኖ ነው የሚገባው፤ ባልና ሚስት ደግሞ በአንድ ግሩፕ አይፈቀድም። ካለፉ ሦስቱም ያልፋሉ፣ ከወደቁ ሦስቱም ይወድቃሉ።

"ልጄ ዛሬ በስልክ 'አባባ፣ የእኛ ቤት የትኛው ነው?' አለችኝ" አለ አዲሱ። ያን ቀን መሶቡ ቀርቦለት እጁን አልዘረጋም።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። "ይገባላታል" አለችው። አፌን ከመክፈቴ በፊት ተመዘገብኩ።

ሦስተኛው የግሩፓችን ሰው መሪጌታ ዕንባቆም ናቸው። በልጅነታቸው እዚሁ አገራችን ባለው በቤተ ልሔም የዜማ ትምህርት ቤት ድጓ የተማሩ፣ ኋላ የአስኳላውን ትምህርት ጨምረው እስቴ ላይ አማርኛ የሚያስተምሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ስማርት ስልካቸው ላይ የሚጽፉት በአንድ ጣት ነው። ያቺ አንድ ጣት ግን ሳትመርቅ ነገር አትጀምርም፤ "ደረሰኝ" የምትል መልእክት ለመላክ እንኳ ከቤተሰባችን ጤና ተነሥታ አዝመራውን ባርካ ነው ወደ ጉዳይዋ የምትመጣው።

የሚያስተምሩን በድምፅ ብቻ የምናውቃቸው አንዲት ዶክተር ናቸው። የመጀመሪያው ልምምድ አጭር ጽሑፍ ጽፎ የጓደኛን ጽሑፍ መተቸት ነበር። ፊድባክ ይሉታል። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ለእኔ የደረሰኝ የትርንጎ ጽሑፍ ነው። የጎረቤቴን ሚስት በምን አፌ ነው "ሁለተኛው አንቀጽሽ ልፍስፍስ ነው" የምላት? "እግዜር ይስጥልኝ፤ እጅግ ግሩም ነው፤ እጅሽ ይባረክ" ብዬ ላክሁ። ትርንጎም ለመሪጌታ "እኔ ልጅዎ በእርስዎ ላይ ምን እጨምራለሁ፤ ዕድሜ ይስጥልን" ብላ ጻፈች። መሪጌታ ለእኔ የላኩት ረጅም ምርቃት ነበር፤ መጨረሻው ላይ "አሜን በል" ይላል። አልኩ።

ውጤት መጣ፤ ለሦስታችንም ዜሮ። ከሥሩ ዶክተር እንዲህ ብለዋል፦ "ፊድባክ ምርቃት አይደለም። ስህተቱን አሳዩ፤ ማቃኛውን ንገሩ። ከእንግዲህ የሚቆላመጥ ግሩፕ በኮርሱ አይቀጥልም።"

"ዜሮ!" አሉ መሪጌታ በስልክ። "መርቀን ዜሮ! ምነው፣ ይኸን ጉድ ለማን ይነግሩታል?"

እኔ ሳቅሁ፤ ትርንጎ ግን ስትደውል አልሳቀችም። "ጋሼ፣ ይኸ ቦታ ካመለጠኝ ልጄ አባቷን በስልክ እንዳወቀችው ልታድግ ነው እኮ" አለችኝ። ድምጿ ተቆራረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሷ አላወቅኩም፤ ብቻ ከዚያ በኋላ ቀልዱን ቀነስ አደረግሁ።

ዋናው አሳይመንት ሲመጣ ርዕሱ ለክፍሉ ሁሉ አንድ ነበር፦ የተማሪዎች ማርፈድና መፍትሔው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ዕቅድ ይጽፋል፤ ስምና አገር አይጠቀስም። ስለ ማርፈድ እኔም የማውቀው አይጠፋኝም። ማለዳና እኔ ተስማምተን አናውቅም፤ የሰልፉን መዝሙር ከግቢው ውስጥ ከሰማሁበት ከአጥሩ ውጭ የሰማሁበት ቀን ይበልጣል። ከመመሪያው ግርጌ ደግሞ "በመተባበር ሥሩ" የሚል ተጽፎበታል።

መሪጌታ ይህችን ቃል ያዟት። "መተባበር ማለትማ ወንፈል አይደል እንዴ?" አሉ። "ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን ማሳ። እኛ ይኸን መቼ አጣነውና! በኦንላይን ዞሮ የመጣልን የገዛ ወንፈላችን ነው!"

ደስ አለን። ዶክተር የፈለጉት ተወያይተን የየራሳችንን እንድንጽፍ ኖሯል። እኛ ግን ገበሬ የወለደን ነንና ወንፈል ገባን። እነሱ መንገዱን እንደምንም ችለው እየመጡ፣ ሦስታችንም እኔ ቤት ተሰብስበን መጀመሪያ የትርንጎን ጻፍንላት፤ በሌላ ቀን የመሪጌታን፤ በመጨረሻ የእኔ ተራ ደረሰ። አጀማመሩን ለሦስቱም መሪጌታ ናቸው የሰጡን፤ "ለማለዳ ፀሐይ መውጫዋን ላሳወቀ አምላክ ምስጋና ይድረሰውና" ይላል። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከተገኘ ለአንድ ጽሑፍ ብቻ ማዋል ንፉግነት መሰለን።

ወንፈል ደግሞ ወግ አለው፤ ባለማሳው ያበላል፣ ያጠጣል። ትርንጎ በተራዋ ከወገዳ ጭብጦና ቆሎ ይዛ መጣች። መሪጌታ በተራቸው ከእስቴ ማር ይዘው መጡ። የእኔ ተራ ሲሆን ባለቤቴ በግ ካልታረደ አለች። እስክሪብቶ ላንሣ ስል "ጠላው!" ትለኛለች። ልቀመጥ ስል "እንግዶቹን አታስታጥብም?" ትለኛለች። ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ ስመላለስ የራሴን አሳይመንት ከሩቅ ነው ያየሁት። በወንፈል መጨረሻ የሚታረስ ማሳ ምን እንደሚደርስበት ገበሬ ይጠየቅ፤ በሬው ደክሟል፣ አራሹ ጠግቧል። መሪጌታ ከጥብሱ በኋላ ግድግዳ ተደግፈው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ይናገራሉ፤ ትርንጎ እያዛጋች ትጽፋለች። ሲያልቅ "አንብበው እንጂ" አሉኝ። "እናንተ የጻፋችሁትን ምን አነበዋለሁ" አልኩና ላክሁት።

ከዚያ ፊድባክ የምንሰጥባቸው የክፍሉ ጽሑፎች ስም ሳይኖራቸው በየስልካችን ገቡ። አንዱን በእራት ሰዓት ከፈትኩት። "ለማለዳ ፀሐይ መውጫዋን ላሳወቀ አምላክ..." ይላል።

"ሌባ!" ብዬ ጮህኩ። አዲሱ ድንቹን ጣለው። "የመሪጌታን አጀማመር ሰርቆናል! ማን አባቱ ነው?"

እንግዲህ ዜሮው ነበረብኝ፣ ንዴቱ ተጨመረበት። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ይህን ጽሑፍ ጸሐፊው እየበላ የጻፈው ይመስላል። መፍትሔው ምክር ነው፤ ምክሩ ካልሠራ ሌላ ምክር ነው፤ እሱም ካልሠራ ደወል ነው። ያረፈደ ልጅ ደወሉን ከየት ሆኖ ይስማው? ጸሐፊው በሕይወቱ አንድ ቀን በሰዓት ደርሶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ይባስ ብሎ አጀማመሩን ከሰው ሰርቋል። ይጣራልኝ።"

ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ባለቤቴ "ደወሉ ላይ የያዝከው ነገር እውነት ነው" አለች። አዲሱ ግን ትንሽ አሰብ አደረገና "እኔስ ሰውየውን የማውቀው መሰለኝ" አለ። አልሰማሁትም።

ዶክተር አጣሩ። ባጣሩ ማግሥት ለግሩፓችን መልእክት መጣ፦ "በደረሰን ጥቆማ መሠረት አጀማመራቸው አንድ የሆነ ሦስት ጽሑፎች ተገኝተዋል። ሦስቱም የእናንተ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት በቪዲዮ ቀርባችሁ አስረዱ። ካላስረዳችሁ ሦስታችሁም ትሰረዛላችሁ።"

መቼም ከዚህ በኋላ ነገሩ የማይገባው ሰው አይኖርም ትላላችሁ። አለ። "እኛን ይዘው ሌባውን ለቀቁት!" እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ተብሰለሰልኩ። ትርንጎ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በግሩፓችን ቴሌግራም ላይ አንዲት ቃል አልጻፈችም። አዲሱም እራት መምጣት አቆመ። ስመኘው የኖርኩት ነገር ሲሆን ምግቡ አልወርድልህ አለኝ።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነበር። መብራት ጠፍቷል፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ከገበያው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ይሻላል ተባለና፣ ትርንጎና መሪጌታም ለዚሁ ብለው መጥተው ነበርና፣ ሦስታችን በአንድ ስልክ ላይ አጎንብሰን ተኮለኮልን። አዲሱ ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ እንዳያንጸባርቅ ጃንጥላ ይዞልናል፤ ነፋሱ ጃንጥላውንም አዲሱንም ይዞ ሊሄድ ይታገላል። ገበያተኛው ቆም ቆም አለ።

"ምን ሆነው ነው? ለቅሶ ነው?" አለ አንዱ ጭነት የያዘ ሰው።

"ማን ሞተ?" አለች ሌላዋ።

"ገና ነው" አላቸው አዲሱ።

ዶክተር ብቅ አሉ። መሪጌታ ምርቃት ሲጀምሩ ትርንጎ እጃቸውን ያዝ አደረገቻቸው። "መሪጌታ፣ ካርዱ ያልቃል" አለች።

"ተኮራርጃችኋል?" አሉ ዶክተር በቀጥታ።

"ኧረ ምን በወጣን!" አሉ መሪጌታ። "ወንፈል ነው የገባን። እርስዎ በመተባበር ሥሩ አላሉም? የእሷን ሦስታችን ጻፍን፣ የእኔን ሦስታችን ጻፍን፣ የእሱንም እንዲሁ። ባለማሳው እያበላ።"

ዶክተር "መሬት በወንፈል ይታረሳል" አሉ። "ሰው ግን በራሱ ጭንቅላት ካልሠራ ምን ተማረ? እስቲ እንየው። ጽሑፍ አሳያችኋለሁ፤ ድክመቱንና ማቃኛውን እዚሁ በቃል ትነግሩኛላችሁ። የሚያቆላምጥ ካለ እዚህ ላይ እናበቃለን።"

ለትርንጎ የመሪጌታን አወጡላት። ትርንጎ መሬት መሬት አየች። "እኔ ልጃቸው..." ብላ ልትጀምር ስትል መሪጌታ አቋረጧት።

"በይ እንጂ ልጄ! ቤተ ልሔም ዜማ ያጣመምኩ ዕለት ጓደኛዬ መቼ መረቀኝ? 'ከዚህ ላይ ሳትክ' ነው ያለኝ። በዚያ ነው የተማርኩ። በይ፣ የት ላይ ነው የሳትኩ?"

ትርንጎ ቀና አለች። "ልጆቹ በሰፈራቸው ተጠራርተው ይምጡ ብለዋል። መልካም ነው። ግን ቤታቸው ተነጥሎ ገደል ማዶ የሆነባቸውን ረስተዋቸዋል። ለእነሱ መንገድ ላይ መገናኛ ቦታ ይበጅላቸው።"

"እውነት! ስቻለሁ!" አሉ መሪጌታ፤ ደስታቸው የተመረቁ ያህል ነው። በተራቸውም የትርንጎን ያዙ። "የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ልጆቹ እንዲጓጉ ሜዳ ላይ አድርገሽዋል፤ ክረምት ሲገባ የት ልታስገቢያቸው ነው?" አሉ። እሷም በዝናብ ጊዜ ምን እንደሚደረግ ወዲያው መለሰች።

የእኔ ተራ ደረሰ። ስክሪኑ ላይ "ለማለዳ ፀሐይ መውጫዋን ላሳወቀ..." የሚለው ብቅ አለ።

"ሌባው!" ብዬ ጮህኩ። ገበያተኛው ሁሉ ኪሱን ያዘ። "ዶክተር፣ የጠቆምኩት ይኸ ነው!" አልኩና ያቺን ትችቴን በቃሌ ለቀቅኳት። ስለ ምክሩ ተናገርኩ፣ ስለ ደወሉ ተናገርኩ፣ "ይኼ ሰው በሰዓት ገብቶ አያውቅም!" ስል ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቃቸው ሲያሞቀኝ እጄን እያወናጨፍኩ ጨመርኩበት።

"ማን እንደጻፈው ያውቃሉ?" አሉ ዶክተር።

"አላውቅም! ባውቀውማ..."

"የእርስዎ ነው። ሰው ራሱን እንዴት እንደሚያይ ለማወቅ ለእያንዳንዱ ተማሪ ከላክናቸው ጽሑፎች አንዱ የገዛ ራሱ ነበር።"

በዚህች ቅጽበት ኔትወርኩ ጠፋ። እኔም አብሬው ብጠፋ ደስ ባለኝ።

አዲሱ ጃንጥላውን ዝቅ አደረገ። መሪጌታ "ባለማሳው ሲያበላ ነበር፤ ምን ያድርግ" አሉ ለማንም ሳይሆን። ትርንጎ ጉብታው ላይ ቁጭ አለች። "በቃ፣ አለቀ" አለች ቀስ ብላ። አዲሱ ጃንጥላውን እሷ ላይ ዘረጋላት። እኔ በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አፍሬያለሁ፤ ያን ያህል ግን አፍሬ አላውቅም። ሰው ጥቆማ ልኮ የጎረቤቱን ትዳር ያፈርሳል? ስልኩን ነጥቄ ወደ ላይ ሮጥኩ። እነሱም ተከተሉኝ፤ ሕዝቡም መጨረሻውን ሳያይ አይሄድምና አብሮን ሮጠ። ከቁልቋሉ አጥር አጠገብ ኔትወርኩ ተመለሰ።

"አሉ?" አሉ ዶክተር። "የራስዎን ጽሑፍ አላነበቡትም ማለት ነው?"

"ጥብስ ሳቀርብ ነበር" አልኩ። ከዚህ የተሻለ ነገር አፌ ላይ አልመጣም።

ከወዲያ በኩል ስቅታ የመሰለ ነገር ተሰማ። ዶክተር እየሳቁ ኖሯል። ወዲያው ግን ድምፃቸውን አረሙና "እሺ፣ አፍርሰውታል። አሁን ይገንቡት። ካልገነቡት ግሩፑ እዚህ ያበቃል" አሉ።

ትርንጎን አየኋት። አፌም ተከፈተ።

"ዶክተር፣ ስለ ምክርና ስለ ደወል አላውቅም። ስለ ማርፈድ ግን እዚህ አገር ከእኔ የሚበልጥ የለም። ያረፈደ ሰው በሩ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያስብ ልንገርዎ? ልጁ ያረፈደው ትንሽ ነው። አርጩሜ የያዘ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ግን ዞሮ ይሄዳል፤ ትንሿ ማርፈድ ሙሉ ቀን መቅረት ትሆናለች። እኔ ራሴ ዳይሬክተራችን በሩ ላይ ከቆሙ ዞሬ ሻይ ቤት ነው የምገባ። ስለዚህ ደወሉ ይቅር። አርጩሜው ከበሩ ይነሣ፤ በሩ ይከፈት። ጠዋት መጀመሪያ ልጁ የሚወደው ነገር ይቅደም፤ ያመለጠው ራሱ ይቆጨዋል። የተማሩትንም ያረፈደው ልጅ ከቀደመው ጓደኛው ይስማ፤ ሲጠይቅ ያፍራል፣ ሲያፍር ነገ ይቀድማል።"

"የሚቀድሰውን ለማገዝ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን የሚያድሩም አሉ" አሉ መሪጌታ፤ "እነሱ ካረፈዱ ጋር አይቆጠሩ።"

"ውሃ ቀድተው የሚመጡትም" አለች ትርንጎ፤ "እነሱን ለይቶ የሚጠይቅ አንድ መምህር ይመደብ።"

እንዲህ አንዱ ሲጥል ሌላው እያነሣ ያን የተራቆተ ማሳዬን እዚያው አረስነው። ሕዝቡም "ልክ ነው!" "በሩ ይከፈት!" ይል ጀመር። የየትኛው በር ነገር እንደሆነ ግማሹ አያውቅም።

ዶክተር ዝም አሉ። ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋሁት።

"አለሁ" አሉ። "በክፍሉ ውስጥ የራሱ ጽሑፍ የደረሰው ሰው ሁሉ 'ግሩም ነው' ብሎ ጽፏል። ለራሱ እውነቱን የነገረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሳያውቅም ቢሆን። ሦስታችሁም የየራሳችሁን እንደ አዲስ ጽፋችሁ ትልካላችሁ። በወንፈል አይደለም! ፊድባኩን ግን ዛሬ እንደ ሰጣችሁት ስጡ። እሱን ከላካችሁ አልፋችኋል።"

አንዲት ሽንኩርት ሻጭ እልልታዋን ለቀቀችው። ሌሎቹ ተቀበሏት። ጭብጨባው ከጉብታው ወርዶ ገበያ ደረሰ። መሪጌታ "ይበል!" እያሉ በመቋሚያቸው መሬቱን ደበደቡት። አዲሱ ጃንጥላውን ለነፋሱ ለቆ ሚስቱን አቀፋት፤ እኔም ዐይኔን አቧራ ገባው ብዬ አሸሁ። እስከ ቤቴ ደጃፍ "በሩ ይከፈት!" እያሉ ሸኙኝ። ባለቤቴ ሰልፍ የመጣ መስሏት በሩን ቆለፈችው።

የየራሳችንን ጻፍን፤ ላክን። ሰርተፍኬቱ መጣ፤ ቦታው ለትርንጎ ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት አንድ አይሱዙ መኪና አልጋና ሳጥን ጭኖ፣ ትንሿን ልጅ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ሰፈራችን ደረሰ። ልጅቱ ወርዳ ግራ ቀኙን አየችና "አባባ፣ የእኛ ቤት የትኛው ነው?" አለች። አዲሱ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አወጣትና በጣቱ አሳያት።

ያን ቀን እራት ሊደርስ ሲል ባለቤቴ በሩን በሩን ታያለች። እኔም አየሁ። በመጨረሻ ቆርቆር ተደረገ።

"አልቀመጥም" አለ አዲሱ። ደግሞም አልተቀመጠም። "ዛሬ ተራው የእኛ ነው፤ ተነሡ።"

ሄድን። ቤቱ ገና አልተደረደረም፤ ሳጥን ላይ ተቀመጥን። ትርንጎ ከመንገድ ድካሟ ሳትወጣ የሠራችው ወጥ ቀረበ። አንዴ ጎረስኩ። ጨው ነው። ጨው ብቻ ሳይሆን ትንሽ አሯል።

"ጋሼ" አለች ትርንጎ እየሳቀች፤ "ፊድባክ ይንገሩኝ። እንዳያቆላምጡኝ ታዲያ።"

ሁሉም አፌን አፌን ያያሉ። ስህተቱም ማቃኛውም ምላሴ ላይ ነበር። ልጅቱን አየኋት፤ አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ከእጁ ትጎርሳለች።

"እግዜር ይስጥልኝ፤ እጅግ ግሩም ነው፤ እጅሽ ይባረክ" አልኩ።

ባለቤቴ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችው። በትዳራችን ዘመን ምግብ ሳመሰግን ሰምታኝ አታውቅም።

"አንተ ሰውዬ" አለች፤ "ይኸን ደግሞ ከየት ተማርከው?"

"በኦንላይን" አልኳት።